የወንድማቸውን ሙዚቃ በችኮላ ያባዙት የአጎታችን የሕይወት ታሪክ

አጎታችን ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በመጋቢት ወር 1950 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው አፍ ሲፈቱ “ጋሼ” ብለው ስለጠሯቸው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሳይቀሩ፣ ጋሼ ሲላቸው ኖረ። እኚህ ታናሽ ወንድማቸው ይህን ታሪክ የጻፈችው ልጅ አባት ናቸው።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው፣ በ1970 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በራዲዮ ጥገና ተመረቁ። ከዚያም ከአባታቸው ሱቅ ግማሹን ተቀብለው ካሴት ማባዛት ጀመሩ። አንድ ቀን በኋላ ባለቤታቸው የሆኑት የሒሳብ መምህርት፣ ያስቀዱት ካሴት ጀርባው የኳስ ጨዋታ ሆኖባቸው ተቆጥተው መጡ። አጎታችን ይህን ሲያወሩ “ካሴቱን ልትመልስ መጥታ እኔን ይዛኝ ሄደች” ይሉ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የካሴት ዘመን ሲያልፍ ወደ ሲዲ ተሸጋገሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ ሲዲ የሚጽፍ ማሽን ገዝተው፣ መንገደኛ እንዲያየው መስኮቱ አጠገብ አቆሙት። አቧራውን በገዛ መሐረባቸው ይወለውሉት ነበር።

ወንድማቸው አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። ለዓመታት በሰው ሠርግና በሆቴል ሲጫወቱ ኖረው፣ በ1995 ዓ.ም. የራሳቸውን ሥራ ቀርጸው ጨረሱ። የምርቃቱ አዳራሽ ተይዟል፤ የቀረው ማባዛቱ ነበር። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ዋናውን ቅጂ ፋብሪካ ልኮ፣ የብረት ቅርጽ አሠርቶ ማሳተም ነው፤ ቅርጹ አንዴ ከተሠራ በኋላ እያንዳንዱ ዲስክ ዘፈኑ በራሱ ላይ ታትሞ ይወጣል፣ ዕድሜም አለው፤ ነገር ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ ከሺህ በታችም አይቀበሉም። ሁለተኛው ባዶ ሲዲ ገዝቶ እዚያው ሱቅ መጻፍ ነው።

ወንድማቸው “ጋሼ፣ ፋብሪካ ይሁን። ምርቃቱን እናዘግየው፣ አይቸኩልም” አሉ።

አጎታችን ግን “ያንተን ሥራ ለባዳ ፋብሪካ ልሰጥ? እዚሁ ዓይኔ ሥር ይጻፋል!” ብለው ዘጉት። ወንድማቸውም ታላቃቸውን መጋፋት ስላልለመዱ ዋናውን ቅጂ አስረከቧቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ሆነ። ቤተሰቡ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተሰብስቦ በየዲስኩ ላይ የወረቀት ሥዕል ለጠፈ፤ ባዶ ሲዲዎቹም ርካሽ ነበሩ። የምርቃቱ ምሽት ሰው ተሻምቶ ገዛ። ሰንበት ሲል ግን መኪና ውስጥ ፀሐይ ያገኘው ወረቀት አበጠ፣ ሙዚቃው መዝለልና መንተባተብ ጀመረ። ገዢዎች እየመለሱ መጡ። በየሠርጉ ቤት ወንድማቸው ገና አኮርዲዮኑን ሲያነሱ፣ አንዱ ተነስቶ “ዛሬስ አይዘልም?” ብሎ ሰውን ያስቅ ነበር። “ዘላዩ” የሚል ስም ወጣላቸው። ዓመት ሳይሞላ አኮርዲዮኑን ሸጠው የአውቶቡስ ሹፌር ሆኑ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አልተሰዳደቡም፤ ለቅሶና ሠርግ ላይ ይሳሳማሉ፣ ስለ ልጆች ይጠያየቃሉ። ያችን ነገር ግን ማንም አላነሳት።

አጎታችን ሲዲ ሊያስባዛ ለመጣ ሁሉ “ለጥቂት ወዳጅ ከሆነ እኔ እጽፍልዎታለሁ። ለልጅ ልጅ ከሆነ ፋብሪካ ይሂዱ። እኔ ወንድሜን የጎዳሁት በዚህ ማሽን ነው” ይሉ ነበር። ገበያቸውን በገዛ አፋቸው መለሱ። ባለቤታቸው “ለመንገደኛው ሁሉ የምትናዘዘውን ለእሱ ንገረው እንጂ!” ሲሏቸው፣ “ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ ነው” ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ።

በ2014 ዓ.ም. የወንድማቸውን ሥራ ከዋናው ቅጂ ፋብሪካ አሳተሙት። ካርቶኖቹን ለወንድማቸው ያደረሰችው ይህችው ጸሐፊ ናት። አባቷ ተቀብለው “እግዜር ይስጥልኝ በይው” አሉና፣ ሳይከፍቱ አልጋ ሥር አስገቧቸው። እሳቸውም የሚጠብቁት ሌላ ነገር ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ አጎታችንን ድንገተኛ የደም መፍሰስ በአንጎላቸው አጋጠማቸው፤ ንግግራቸውንም ወሰደባቸው። ወንድማቸው በየቀኑ ሆስፒታል እየመጡ ፂማቸውን ይላጩላቸው፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎርሷቸው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አጎታችን የወንድማቸውን እጅ ጭምቅ አድርገው ይዘው፣ ድምፅ ለማውጣት ታገሉ። ወንድማቸው “ተወው ጋሼ፣ ገብቶኛል” አሏቸው። ኮሪደር ከወጡ በኋላ ግን ግድግዳ ተደግፈው “ገብቶኝ ነበር እኮ፣ ድሮም ገብቶኝ ነበር። አንዴ ከአፉ ብሰማው ብዬ ነው ይህን ሁሉ ዓመት” ብለው አለቀሱ።

አጎታችን በኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ከአፍ ያልወጣውን ቃል የሚሰማ አምላክ የጋሼን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለወንድማቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።