በጉ ቆሞ ተመለሰ

የካቲት 4
ተራ ቀን። ሰርቪሱ አረፈደ። ሾፌሩ፣ «ፕሮዲውሰር ሆነህ ከእኛ ጋር መጋፋት አይከብድህም?» አለኝ። ምን ይከብደኛል? ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ መብራት ተሸካሚ ሆኜ ስቱዲዮ የገባሁ ሰው... ጸሐፊ ያደረገኝም መሰላል ላይ ቆሜ ተዋንያኑን መልከፌ ነው። አሁን የቢሮዬ በር ላይ ስሜ ተለጥፏል። ተመስገን። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብታየው «ሰሌዳው ጠሟል» ትል ነበር።

ከሰዓት የቴሌቪዥን ኮሜዲያችንን የሳምንቱን ክፍል ጽፌ ጨረስኩ። እንደ ሁልጊዜው በግ ከተትኩበት። «በግ» የሚለውን ስም ያወጣችው ባለቤቴ ናት። «ቀይ እስክሪብቶ» የምንለው ገምጋሚያችን አንድ ነገር ካልሰረዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ እንዲሰረዝ ብዬ አንድ ደፋር ቀልድ እጽፋለሁ። እሱን ያርድና የቀረውን ያሳልፋል። የአብርሃም በግ... ልጁ እንዲተርፍ።

የዛሬው የሰባ ነው። ኮስታራው፣ ስቆ የማያውቀው ዋናው ቀልደኛችን፣ መቀስ ይዞ ሪባን ፊት ይቆማል። ክራባቱን እያሻሸ፣ «ድልድያችን ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ተመርቋል፤ የቀረው መሠራቱ ብቻ ነው» ይላል። ክራባቱን የሚያሻሸው ባለሥልጣን ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ባለቤቴ ብትኖር ትስቅና «እግዜር ይቅር ይበልህ» ትለኝ ነበር። ይቅር ይበልህ ካላለች ቀልዱ አልያዘም ማለት ነው። ልጃችን ሳቋን ወርሳለች፤ ቀልድ ግን አታነብልኝም።

የካቲት 7
ስክሪፕቱ ተመለሰ። ቀይ የለበትም። አገላበጥኩት፣ መስኮት ላይ ለጥፌ በብርሃን አየሁት... ምንም። በጉ ቆሞ ተመለሰ።
እንግዲያ የሚታረደው ማነው?

የካቲት 8
ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው። ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። አልወደድኩትም።
«ገምጋሚው ጡረታ ወጥቷል ጋሼ። ከእንግዲህ ግምገማ የለም።»
«ታዲያ ማን ይቆርጣል?»
«እርስዎ ነዎታ! ፕሮዲውሰር አይደሉ? እናምንዎታለን።»
ሻይ አስመጣልኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ ዓይኑን አልነቀለም። ቀይ እስክሪብቶ ከእኔ በአምስት ዓመት ያንሳል። የምን ጡረታ?

የካቲት 10
ልምምድ። ኮስታራው ክራባቱን ሲያሻሽ የካሜራዋ ልጅ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።
ኮስታራው፣ «ጋሼ፣ ሞት ይርሳዎት! ከጻፉት ሁሉ ይቺ ትበልጣለች።»
እንድትቆረጥ የጻፍኳት ናት ልለው ነበር። ግን ደስ አለኝ... ሳልነግረው ቀረሁ። በዚህ ዕድሜዬም ሙገሳ ይጣፍጠኛል? ጌታ ሆይ፣ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነኝ?
ከኋላ ወንበር የማላውቀው ሰው ተቀምጦ ነበር። አልሳቀም። አላዛጋም።

የካቲት 11
ቀይ እስክሪብቶን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘሁት። ፊቱን አዞረብኝ። ከኋላው ቆምኩ። ሳይዞር፣ «አንተ ሰውዬ፣ በጎችህን የማላውቃቸው መስሎህ ነበር?» አለኝ።
«ታውቅ ነበር?»
«እያወቅኩ አርድልህ ነበር፤ ሌላው እንዲያልፍ። ያባረሩኝም ለዚሁ ነው።»
«አሁን ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»
«ማን ደፍሮ እንደሚናገረው ሊያዩ ነዋ።»
ዳቦውን ይዞ ሄደ። የብሩን መልስ እንኳ አልተቀበለም።

የካቲት 12
ጸለይኩ። ከዚያ ቀልዱን ቆረጥኩት። በቀይ። ከጎኑ ፈረምኩ።
ኮስታራው ተቆጣ። «ፈሩ እንዴ ጋሼ?»
«አዎ፣ ላንተ። ሦስት ልጅ አለህ።»
«ልጆቼን የሚያበላው ይሄ አይደል?» ከንፈሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።
ቀልዷ ከመጀመሪያውም በግ እንደነበረች ለምን አልነገርኩትም? ዳቦ ቤት የሰማሁትንስ? ትልቅ ጸሐፊ መስዬ ልቅር ብዬ... ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

የካቲት 14
ቀረጻ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ኮስታራው የሰረዝኳትን ቀልድ ተናገራት!
ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔም ሳቅኩ። አመለጠኝ። ዞር ስል ያ የኋላ ወንበሩ የማይስቅ ሰው ተነስቶ ሲወጣ አየሁ።
ሮጬ ኤዲቲንግ ክፍል ገባሁና አስቆረጥኩት። ኤዲተሯ፣ «ንግግሩ ወጥቷል፣ ሳቁ ግን ቀርቷል። ይዩት» አለችኝ። አየሁት። ኮስታራው አፉን ገጥሞ ቆሟል... ሕዝቡ ይስቃል፣ ይስቃል። ሳቁንም አስወጣሁት።

የካቲት 17
ኮስታራው አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው።

የካቲት 18
ሚስቱ ደወለች። «ሁለት ሰዎች መጥተው፣ ለአጭር ጥያቄ ነው አሉ... ጋሼ፣ የቤት ጫማውን እንዳደረገ ነው የወሰዱት።»
ወዲያው ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ስክሪፕቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።
«ፊርማው የእርስዎ ነው?»
«አዎ።»
«እርስዎ ሰርዘውታል። ስለዚህ ሰውየው በገዛ ፈቃዱ ነው የተናገረው። እርስዎ ንጹሕ ነዎት ጋሼ።»
ንጹሕ! ላድነው ብዬ ያሰመርኩት ቀይ መስመር እሱን አሰረው፣ እኔን ፈታኝ። «ቀልዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ጠይቁ» ማለት ነበረብኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። አመሰገንኩት እኮ! ደረጃውን ስወርድ ጴጥሮስ ትዝ አለኝ። እሱስ ቢያንስ አለቀሰ።

የካቲት 19
አመመኝ ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም።
ሚስቱ ሁለቴ ደወለች። አላነሳሁም።

የካቲት 20
ሙሉ ልብሴን ለበስኩ። ጸሐፊው እኔ መሆኔን ላሳያቸው፣ በእጄ የጻፍኩትን የመጀመሪያውን ረቂቅ ኪሴ ከትቻለሁ። ድልድዩም ክራባቱም በእኔው ጽሕፈት። ኮስታራውን ይለቁታል? አላውቅም። እኔስ ወደ ቤት ጫማዬ እመለሳለሁ? እሱንም አላውቅም።
ልጄ አየችኝ።
«አባዬ፣ ምን ተገኘ? ሠርግ አለብህ?»
«ቀልድ ልናገር ነው።»
«በጠዋቱ! ለማን?»
«ለማይስቅ ሰው።»
ሳቀች። የእናቷን ሳቅ፣ አንድም ሳይጎድል። «እግዜር ይቅር ይበልህ!» አለችኝ።
አሜን አልኩ።
ከዚያ የቤቱን ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖርኩ። ሳቋ ቆመ። አሁን በሩን ተደግፋ ስጽፍ ታየኛለች። ሰርቪሱ ጥሩምባ እየነፋ ነው።