ተዘቅዝቆ ስለተሰቀለው የመብራት ሰሌዳ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም አንገትዎን ምንም ሳያመው እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ አንገትዎ ለይቼ የጠየቅሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል። ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በጸሐፊዎ በኩል ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች የት እንደደረሱ እርሳቸውም ሊነግሩኝ ስላልቻሉ፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ነው።

ጉዳዬ ትንሽ ናት። ታላቅ እህቴ የሒሳብ መምህርት ስትሆን እግሮቿ አልታዘዝ ካሏት ሦስት ዓመት ሆኗታል። ዘንድሮ በባትሪ የሚሄድ ወንበር አገኘች። ወንበሩ መቶ ሃያ ኪሎ ስለሚመዝንና መኪናዬ ውስጥ ስለማይገባ ትንሽ ተጎታች ገዛሁ፤ መኪናዬ ላይም የመጎተቻ ብረትና ለተጎታቹ መብራቶች የሚሆን የኤሌክትሪክ መስመር አስገጠምሁ። ይህ ለውጥ በሊብሬዬ ላይ ሰፍሮ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ካላረፈበት ዕቃ ጭኖ መጎተት ክልክል ነው፤ ክልከላውንም በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ማኅተሙ እስኪገኝ ግን ወንበሩ ባትሪውን ሞልቶ ሳሎን ውስጥ ከሶፋው አጠገብ ቆሟል። እህቴ ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ በረንዳ ትነዳዋለች። ትምህርት ቤቷ ግን ባትሪው ከሚያደርስበት በላይ ስለሚርቅ፣ እዚያ በአሮጌው ወንበር ላይ ሆና ባልደረቦቿ ይገፏታል፤ ደወል ሲደወል የሚገፋት ሰው እስኪመጣ ባዶ ክፍል ውስጥ ትጠብቃለች። ሠላሳ ዓመት ተማሪዎችን ሰዓት ስታስከብር የኖረች ሴት ናትና፣ ይህ እንዴት እንደሚያንገበግባት ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ወደ ዝርዝሩ ስገባ፣ ቅሬታ የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤትዎ እንደማይወደድ ስለተነገረኝ፣ ምስጋና ብየዋለሁ።

፩. የመጀመሪያው ምስጋናዬ እውነተኛ ነው፤ አሽሙር የለበትም። የምርመራ መስመር ሁለት መርማሪዎ ከመኪናዬ ሥር በጀርባው ገብቶ ብረቱ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸውን ስድስት ብሎኖች አንድ በአንድ አጥብቆ ፈተሸ፤ የመጎተቻው ኳስ ከመሬት ያለውን ከፍታም ሁለት ጊዜ ለካ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ቀጥሎ የሆነው ይበልጥ ያናደደኝም በዚህ ምክንያት ነው።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ለመብራት መሞከሪያ ሰሌዳዎ ነው። አይተውት ለማያውቁ አንባቢዎች፣ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ መብራቶች የተደረደሩበት ጣውላ ነው። ገመዱ ከመኪናው ኋላ ባለው ሶኬት ሲሰካ ተጎታች የተቀጠለ ያህል ይሠራል፤ ሹፌሩ የግራ ፍሬቻ ሲያሳይ በሰሌዳው ላይ በግራ በኩል ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። እኔ ግራ ባሳይ ቀኙ በራ፤ ቀኝ ባሳይ ግራው በራ። መርማሪው ሽቦው ተገልብጧል አለና «አላለፈም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያም ቅጹ የሰሌዳውን መለያ ቁጥር ስለሚጠይቅ፣ ጆሮው ትከሻውን እስኪነካ ድረስ አንገቱን አጣሞ ቁጥሩን ገለበጠ። እኔም አብሬው አንገቴን አጣመምሁ። ቁጥሩ ተዘቅዝቋል። የሠሪው ምልክትም ተዘቅዝቋል። ክቡር ሆይ፣ ሰሌዳዎ በአናቱ ቆሟል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙም ግራ የሆነው ለዚህ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ሰሌዳው ወርዶ እንደነበርና ሲመለስ ላዩ ታች ሆኖ እንደተሰቀለ የነገሩኝ፣ የዚያን ዕለት መሰላሉን ይዘው የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛዎ ናቸው። መርማሪዎችዎ ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ በየመኪናው አንገታቸውን ሲያጣምሙ፣ አንዳቸውም ለምን ብለው አልጠየቁም። ባዶ ተጎታች ለምርመራ ለማምጣት የሚሰጠውን የአንድ ቀን ወረቀት ይዤ፣ ተጎታቹን በር ላይ አቁሜው ስለነበር፣ እባክህ ይህንን ቀጥለህ መብራቱን በዓይንህ እይ ብዬ ለመንሁት። «ጋሼ፣ እኛ የምናየው ሰሌዳውን ነው፤ ተጎታች እኛን አይመለከተንም» አለኝ። በጣም ትሑት ልጅ ነው።

እኔ በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። መሣሪያዬ አንድ ዲግሪ ሲሳሳት ተራራው ትንሽ ጠጋ እንዲልልኝ አላዘውም።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ፣ መሥሪያ ቤትዎ ለአካባቢው ጋራዦች ስለፈጠረው ተጨማሪ ሥራ ነው። ሰፈሩ «ዶክተር» እያለ የሚጠራው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ መስመሩን ሊዘረጋ ሲጀምር፣ «ለምርመራ ልሥራው ወይስ ለመንገድ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ስቄ፣ ለመንገድ ነዋ አልሁት። ወድቄ ስመለስ ግን የሳቀው እርሱ ነው። ለካስ ደንበኛው ሁሉ መጀመሪያ የግራና የቀኙን ሽቦ አገላብጦ ያሠራል፤ ማኅተሙን ያስመታል፤ በማግስቱ ይመለስና ያስተካክላል። «ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ቢገለበጥ ምን አለበት? ሻይዎን ጠጥተው ሳይጨርሱ እመልሰዋለሁ» አለኝ፤ ሊረዳኝ ብሎ ነው።

ምን እንዳለበት የሰፈራችን የቧንቧ ሠራተኛ ያውቃል። ሽቦውን አገላብጦ ማኅተሙን ባስመታ በማግስቱ ሥራ ጠርቶት ወደ ጋራዡ ሳይመለስ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ቧንቧ የጫነው ተጎታቹ የቀኝ ፍሬቻ እያሳየ እርሱ ወደ ግራ ታጠፈ፤ መብራቱን አምኖ በግራ በኩል ሲያልፍ የነበረው ዳቦ አዳይ ከነብስክሌቱ ተጋጭቶ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። የቧንቧ ሠራተኛው ሊብሬውን አሳይቶኛል። ማኅተምዎ አንድም ፊደል ሳይደበዝዝ ጥርት ብሎ አርፎበታል። ሰውየው ዛሬም ዳቦ አዳዩን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ በእርስዎ በኩል መንገድ የቀየረ መኖሩን አልሰማሁም።

፬. አራተኛው ምስጋናዬ የቤተሰብ ነው። ሽቦውን ባስገለብጥ በአንድ ቀን እንደሚያልቅ፣ ካላስገለበጥሁ ግን መጨረሻው እንደማይታወቅ ለእህቴ ሳልደብቅ ነገርኋት፤ የምትገፋው እርሷ እንጂ እኔ አይደለሁምና። ብታዝዘኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ እያመመኝም ቢሆን አደርገው ነበር። መነጽሯን አውልቃ አየችኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ግራና ቀኝህን ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። አሁን በሃምሳ አምስት ዓመትህ ልታሳፍረኝ ነው?» አለችኝ። በዚህም የቤታችን ስብሰባ ተፈጸመ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሽቦዬን አልገለብጥም። ቢጫው ለግራ፣ አረንጓዴው ለቀኝ እንደሆነ ይቆያል። በመጪው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሌላ የአንድ ቀን ወረቀት አውጥቼ፣ ባዶውን ተጎታች እየጎተትሁ መስመር ሁለት እገባለሁ። እህቴ ማክሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜ ስለሌላት በእግረኛ መንገድ ራሷ ወንበሯን እየነዳች ትመጣለች። ርቀቱን እኔ ለክቼዋለሁ፤ የባትሪውን ጉልበት እርሷ አስልታዋለች። ለመምጫ ይበቃል፤ ለመመለሻ አይበቃም። በመሆኑም ወይ ሰሌዳዎ ተቃንቶ፣ ሊብሬዬ ማኅተም አርፎበት፣ ወንበሩ በተጎታቹ ላይ ተጭኖ ይመለሳል፤ ወይም ከነባለቤቱ እናንተው ዘንድ ይሰነብታል። ለመሰልቸታችን አይጨነቁ፤ እህቴ የሁለት ክፍል የፈተና ወረቀት ይዛ ስለምትመጣ ስታርም ትውላለች። ሥራው የሚጠይቀው ሁለት ብሎን መፍታትና ሁለት ብሎን ማሰር ነው። መፍቻውን እኔ አመጣለሁ፤ መሰላሉን የጥበቃ ሠራተኛዎ እንደ ቀድሞው ይይዙልናል።

ለሰጡኝና ወደፊትም ለሚሰጡኝ ትዕግሥት ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ አንገቴን ግን ቀጥ አድርጌ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

በአራት ዓመት ውስጥ በመስመር ሁለት ሽቦውን ሳያገላብጥ በሕጋዊ መንገድ የወደቀው፣
የሒሳብ መምህርቷ ታናሽ ወንድም፣
ቀያሹ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ በጽሕፈት ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉልኝ ለጥበቃ ሠራተኛዎ ሰጥቻለሁ። ምናልባት ተዘቅዝቆ ተለጥፎ ቢያገኙት እንዲያቃኑት አላስቸግርዎትም፤ መርማሪዎችዎ ያለ ችግር ያነቡታል።