ለአባዬ፦ የቀኙ የኋላ ጎማ ነገር

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ አባዬ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን እንቅስቃሴ እየሠሩ ነው ወይስ እንደ ልማድዎ «ነገ» እያሉ ነው? የአዲስ አበባው ብርድስ ለቀቀዎት? እኔም እማዬም፣ ከብቶቹም ሳይቀሩ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የናፍቆትዎ ነገር ብቻ አይነሳ። ስልክ አልሰማ ስላለዎት እህቴ ሀስና እንድታነብልዎ ብዬ ወረቀት አነሳሁ፤ ነገሩም በስልክ ተጩኾ የሚያልቅ አይደለም። ሀስናዬ፣ አደራሽን፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

አባዬ፣ መኪናዋ አልተሸጠችም። ይህን ያስቀደምኩት ልብዎ ተንጠልጥሎ እንዳይሰሙኝ ነው።

አንቱ ከሄዱ በኋላ የመርሳን ማንጎ እየጫንኩ ወልድያ ሳመላልስ ፍሬኗ እየላላ መጣ። ጎማውን ሳስፈታው የኋላዎቹ የፍሬን ሸራዎች አልቀዋል። የምናውቀው መካኒክ ሐዘን ላይ ነበር፤ ማንጎ ደግሞ የሰው ሐዘን አይጠብቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገብዎ ተቀምጬ ሲቀይሩ አይ ስለነበር፣ አዲስ ሸራ ገዝቼ ግቢያችን ውስጥ የሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ሸራ ራሴ ቀየርኩ። ስጨርስ ደረቴ ተነፍቶ ነበር፣ አልዋሽዎትም።

ገና ከግቢ ሳልወጣ ከቀኝ በኩል ብረት ከብረት የሚፋቅ ድምፅ ተነሳ። ገበያው አጠገብ ስደርስ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ጀመር። ነዳጅ ብረግጥ አልሄድ አለች፤ አንድ ጉልበተኛ ከኋላ ጨምድዶ የያዛት ይመስል ነበር። ወርጄ ብጠጋ የቀኙ የኋላ ቸርኬ ግሎ እጅ አያስነካም፣ የሚቃጠል ነገርም ይሸታል። እንደ ምንም እየጎተትኩ መለስኳት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አጎቴ ዓሪፍ ዘንድ ደርሷል። መጡና በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «ናጅዋ፣ ፍሬን መጫወቻ አይደለም። አንቺን ቀብሬ ወንድሜን በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከወልድያ ገዢ እንደሚመጣም ነገሩኝ። ክፉ አስበው እንዳይመስልዎት፤ ለሕይወቴ ፈርተው ነው። አንቱም ሲሄዱ «የዓሪፍን ቃል ስሙ» ብለውናል። ግን መኪናዋ ከሄደች ማንጎውን በደላላ ዋጋ ዛፍ ሥር ልንሸጥ ነው፤ የአንቱም መታከሚያ ከእሷ ነው የሚወጣው። እስከ ቅዳሜ እንዲታገሡኝ ለመንኩ። «እስከዚያ እንደ ልብሽ። ካልሆነ ግን ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ይታገሱ ክሪኩን አዋሰኝ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ ኋላዋን አነሳሁና እማዬን መሪው ላይ አስቀመጥኳት። ሻሿን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ትራፊክ የሚያስቆማት ነበር የሚመስለው። የግራውን ጎማ በእጄ ባሽከረክረው እንደ እንዝርት ዞረ። ቀኙ ግን በሁለት እጄም በግድ ነው። እማዬን «ርገጪ» አልኳት፤ ሁለቱም ያዙ። «ልቀቂ» ስላት ግራው ለቀቀ፣ ቀኙ እንደያዘ ቀረ። በሽታው ያኔ ገባኝ፤ መያዝ ያውቃል፣ መልቀቅ ነው ያቃተው።

መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ጠረጠርኩ። አላላሁት፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሸራዎቹን የሚሸፍኑትን ሁለቱንም ታምቡሮች አውልቄ ግራና ቀኙን እየተመላለስኩ አስተያየሁ። ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው የሚስበውን ሞላ በቀኙ በኩል ያለ ቀዳዳው አስገብቼዋለሁ። ሞላው ላልቶ ተንጠልጥሏል፣ ሸራው ታምቡሩን ሳይለቅ የሚቀረው ለዚህ ነው። በፒንሳ ሳስለቅቀው ተፈናጥሮ ጣቴን ሰነጠቀኝ። እማዬ ወርዳ ደሙን ስታይ አሁንስ ተይው ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ አሰረችልኝና ተመልሳ መሪው ላይ ወጣች። «ምኑን ልርገጥ?» አለችኝ።

ሞላውን በቦታው ገጥሜ ስዘጋው ጎማው በነጻነት ዞረ። ድምፁ ግን አልጠፋም። እውነቴን ነው፣ እዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ እማዬን ጎማውን በእጅዋ እንድታዞር አድርጌ ጆሮዬን ዝቅ አደረግሁ። የሚፋቀው ከውስጥ አይደለም፣ ከታምቡሩ ጀርባ ካለችው ስስ ቆርቆሮ ነው። ሸራውን የቀየርኩ ዕለት ታምቡሩ አልወጣ ብሎኝ በመዶሻ ስመታው እሷን አጣምሜያት ኖሯል። በፒንሳ አቃናኋት። እማዬ እንደገና አዞረች፤ ጸጥ አለ። «ምነው፣ ድምፁም ጠፋ እኮ፣ ባሰበት እንዴ?» አለች። ሳቄ አመለጠኝ።

አርብ ዕለት ባዶዋን በሰፈር መንገድ ቀስ እያልኩ፣ አሥሬ እያቆምኩ ፈተንኳት። ቅዳሜ ጧት አጎቴ ሲመጡ ማንጎው ተጭኖ አገኙት። «ይግቡ፣ ወልድያ ደርሰን ይፍረዱ» አልኳቸው። ገቡ፤ እጃቸው ግን ከበሩ መክፈቻ አልተላቀቀም። ሲሪንቃን አለፍ ብለን ቁልቁል ስንወርድ ግመሎች ከቁጥቋጦው ወጥተው መንገዱን ሞሉት። ረገጥኩ። አባዬ፣ ከነጭነቷ፣ ወዲህም ወዲያም ሳትል፣ ድምፅ ሳታሰማ ቀጥ ብላ ቆመች። ግመሎቹ ሳይቸኩሉ ተሻገሩ። አጎቴ እጃቸውን ከበሩ መክፈቻ አነሱና፣ «በይ ንጂ እንጂ፣ ማንጎው ሊበስል ነው» አሉ።

ወልድያ ስንደርስ ቀድመው ወረዱና የቀኙን የኋላ ቸርኬ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደጋግመው ዳሰሱት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለገዢው፣ «አትልፋ ወንድሜ፣ መኪናዋ ሥራ ላይ ናት» አሉት። ማንጎውን ሲያወርዱልኝም ዋሉ። ዛሬ ታዲያ በመስጊድ ደጅ «ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ» እያሉ ያወራሉ አሉ። እኔም ይበሉ ብዬ ተውኳቸው፤ ደስታው ለሁላችንም ይበቃል። ይታገሱም ባጃጁ ሲጢጥ ሲል እኔን ይጠራኝ ጀምሯል።

አንቱ ጉልበትዎን ብቻ ያጽኑልን። ሲመጡ ወልድያ መናኸሪያ ቆሜ የምቀበልዎት እኔ ነኝ። እማዬ ግን የፊቱ ወንበር የእሷ እንደሆነ አስቀድሜ እንድነግርዎ አዛኛለች።

እህቴ ሀስናን ስለ እንክብካቤዋ አላህ ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ለባሏ ለሙስዐብ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። እማዬ ዱዓዋን፣ አጎቴ ዓሪፍ ሰላምታቸውን ልከዋል። አላህ በጤና ያገናኘን።

ልጅዎ ናጅዋ
መርሳ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.