ዓርብ ይወጣል የተባለው

ረሆቮት፣ ሻዓራይም

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያምሽ ጉልበትሽ ዘንድሮ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ስትደውዪ ስልክ ያላነሣሁት፣ ይህንንም በፖስታ ያልላክሁት ለዚሁ ነው። አጎታችን አለምነው ጎንደር ሲገባ ብቻውን እንዳይመጣብሽ፣ ዘመድና ጎረቤት ሰብስቦ በማለዳ እንዲመጣ፣ እርምሽን ካወጣሽ በኋላ ወረቀቱን እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። እንግዲህ ይህን የምታነቢው አልቅሰሽ ነው። ጀምበሬን፣ አዝለሽ ያሳደግሽውን ታናሻችንን፣ አጣነው።

አሟሟቱን አለምነው ነግሮሻል። ለዕረፍት ግሪክ አገር ሄዶ፣ በተከራየው ሞተር ነው። እኔ የምጽፍልሽ አለምነው የማያውቀውን፣ የራሴን ጥፋት ነው።

አንቺ እዚያ ወደ እስራኤል መግቢያ ፈቃድ ስትጠብቂ ሃያ ዓመት ሊሞላሽ ነው፤ ልጁ እዚህ ምን እንደሆነ በስልክ ብቻ ነው የሰማሽው። ትምህርት ቤት ሲገባ ቶሜር ብለው ስሙን ቀየሩት። ራፕ ሲጀምር ግን አንቺ ያወጣሽለትን ስም መልሶ ያዘ፤ አድማጩ ሁሉ ጀምበሬ ብሎ ነው የሚያውቀው። ራፕ ዘፈን ነው እንዳልልሽ ዜማ የለውም፤ የተናደደ ሰው እንደሚያወራው ነው፣ ቶሎ ቶሎ። ሁሉም በዕብራይስጥ ነው። እምዬ አንድ ቃል ሳይገባት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትሰማዋለች። ይሄን ሁሉ ማንን ነው የሚቆጣው ትለኝ ነበር። ዘንድሮ ታዲያ፣ በሚቀጥለው አልበም አንዱን ባማርኛ እሠራልሻለሁ፣ ላንቺ ብቻ፣ ብሎ ቃል ገባላት። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ሁሉ እሱ ሆነ።

ሰኞ ተደወለልኝ። መዝከረት ባትያ በምትባል ከተማ፣ አረጋውያን የማጥብበት ቤት ሥራ ላይ ነበርኩ። አስከሬኑ ዓርብ ነው የሚገባው አሉኝ። እምዬ ልቧን ከታከመች ወር አልሞላትም። ቄስ አያናውና ሽማግሌዎቹ መከሩና፣ መርዶው ዓርብ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራት፣ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አሉ። የምንኖረው አንድ ቤት ነው። ፊቴን ታጥቤ እገባለሁ፣ እራት አቀርባለሁ፣ ስትስቅ እስቃለሁ። ጥቁር እንዳልለብስ ታየኛለች።

ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ዘፈኖቹ የሚደመጡበትን ገጹን ከፈትኩ። መክፈቻ ቃሉን ለኔ ነበር የሰጠው። ፎቶው ላይ እየሳቀ ነው። አላስቻለኝም፤ ፎቶውን አነሣሁና በቦታው ጥቁር አደረግሁ። እኔ መልበስ የተከለከልኩትን ለሱ አለበስኩለት። የሠራሁት ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ሺራ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። አድማጮቹ ጥቁሩን አይተው፣ አልበም ሊወጣ ነው ብለው ተነሥተዋል። ሳይናገር ድንገት ሊለቀው ነው፣ ትልልቆቹም እንዲህ ናቸው፣ መጀመሪያ ፎቷቸውን ያጠፋሉ ይላሉ። ሃዳር የምትባል ልጅ፣ አልበም ሁልጊዜ ዓርብ ነው የሚወጣው፣ ይሄም ዓርብ ነው ብላ ማለች። ሌላው የልደቱን ቀን ደምሮ ቀንሶ አሥራ አራት ዘፈን አለው አለ። አንዱ ደግሞ ዝም ማለቱ ራሱ ምልክት ነው ብሎ ጻፈ። ይህን ሺራ አንብባ አልጨረሰችልኝም። አይደለም ብዬ ልጻፍ አልኩ። ታዲያ ምንድን ነው ቢሉኝስ? ዝም ባልኩ ቁጥር እነሱ ባሰባቸው።

ረቡዕ የጎረቤታችን የካሣነሽ ልጅ ታሊያ የጀምበሬ አልበም ዓርብ ይወጣል ብላ ለእምዬ ነገረቻት። ምንም የማታውቅ ልጅ ናት፣ ምን አድርጊ ልበላት። ከሥራ ስገባ የእምዬ ፊት በርቷል። ለካ ሥራ ይዞት ነው ያልደወለው፣ እኔ ደግሞ ምን ነካብኝ ብዬ ስብሰለሰል አለችኝ። እውነት ነው አይደል ብላ ጠየቀችኝ። ቤሰደር፣ እሺ፣ እውነት ነው አልኳት። ይህ አፌ ነው ያለው፣ እታለም። ከታከመች ወዲህ እንደዚያ ቀን ጠግባ በልታ አታውቅም። ሐሙስ ነጭ ቀሚሷን አስተኮሰችኝ። ሰው ይመጣል ብላ ከካሣነሽ ቤት ወንበር ተዋሰች፤ ወንበሩን ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ ማለዳ ቄስ አያናው ከፊት፣ ዘመድ ከኋላ ሆነው ደረጃውን ወጡ። በዚያ ሰዓት ደጅ ሰው ሲሞላ ምን ማለት እንደሆነ እሷን የሚያስተምራት የለም፤ ጎንደር ሳለን ስንቱን አርድታለች። ያን ቀን ግን በሩን ከፍታ፣ እንኳን መጣችሁ፣ ለጀምበሬ ዘፈን ነው አይደል፣ ግቡ አለች።  ገብተው በተዋሰችው ወንበር ተቀመጡ። ቄሱ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። እሷ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝና ያማርኛውን ክፈቺልኝ አለች። እንግዲህ እጄ ምን እንደነካው አላውቅም፣ የድሮውን ከፈትኩላት። ጥቂት አዳመጠችና፣ ይሄማ የድሮው ነው፣ አውቀዋለሁ፣ አዲሱን አምጪልኝ አለች።

ካሣነሽ አልቻለችም፣ አለቀሰች። እምዬ ሰዉን አንድ በአንድ አየች፤ መጨረሻ እኔን። አዲስ የለም? አለችኝ። የለም አልኳት። ቄሱ አልተናገሩም፣ ሽማግሌ አልተናገረም። እናቴን በዚያች በአንዲት ቃል ያረዳኋት እኔ ነኝ። ሰንበት ሳይገባ ቀበርነው።

ሰባቱን የሐዘን ቀን ተቀመጥን። እምዬ በሕይወት አለች፣ ይመስገን፤ ግን አታወራኝም። ምግብ ሳቀርብላት ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው የምታየው። ሁለት ቀን ሙሉ ያስደሰትኳት እንዳይመስልሽ፣ ሁለት ጊዜ ነው የገደልኩባት። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ሺራ የመሞቱን ነገር ጻፈችላቸው። ግማሾቹ አለቀሱ። ግማሾቹ አላመኑም፤ ይሄም ዘዴ ነው፣ በሚቀጥለው ዓርብ ነው የሚወጣው ይላሉ። መጀመሪያ ተናድጄ ልሰድባቸው ነበር። አሁን ትቻቸዋለሁ። ጥቁሩንም አላነሣሁትም።

እታለም፣ ልጆችሽ ገጹን ቢከፍቱልሽ አትይው፣ ምንም የለውም። እኔም ማየት ትቻለሁ። ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው የማየው፣ እምዬ ሳትነሣ፣ አንድ ጊዜ።

የአባቶቻችን አምላክ ጽናቱን ይስጥሽ። ፈቃድሽን አውጥቶ እምዬ ዓይኗ እያየ ያገናኛችሁ። ልጆችሽን ይባርክልሽ፣ ከእንዲህ ያለ ስልክ ይሰውራቸው።

መርዶ የማታውቅበት ታናሽ እህትሽ