የሰማዩን ታንኳ ለሰረዙት ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ምናሴ
የውኃ ዳር ሲኒማ አዳራሽ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለአዳራሽዎ አዳዲስ ድምፅ ማጉያዎችና መብራት በሄደ ቁጥር ለሚያጓራው ጄኔሬተርዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ በፋሲሎ ክፍለ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምረው ሩሐማ ሀዲስ፣ ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ፊልምዎን አይቼ ከወጣሁ ጀምሮ ግራ ጆሮዬ ከሚጮኽብኝ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጩኸቱም ሐኪሙ እንዳለኝ በሳምንት ውስጥ ይለቅቃል፤ ስለዚህ አይጨነቁ። እንደማይጨነቁም አውቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ በአዳራሽዎ በር ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ በታላቅ አክብሮት ሦስት ጊዜ አነበብሁ፤ ሦስተኛውን እንኳ ዐይኔን ተጠራጥሬ መነጽሬን ጠርጌ ነው። ማስታወቂያው እንደሚለው የከተማችን ሕዝብ የምን ጊዜም ታላቁ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም የቱ እንደሆነ ተጠይቆ ድምፅ ሰጥቷል። አሁን የሚያሳዩት ተከታታይ ፊልም ክፍል ስድስትም፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስናየው የኖርነውን “የሰማዩ ታንኳ”ን በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። በዚህም የተነሣ በየዓመቱ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ይታይ የነበረው አሮጌው ፊልም ከዘንድሮ ጀምሮ ተሰርዟል። እሰይ! እንዲህ ያለ ቆራጥ አመራር ነበር የጠፋን። እንግዲህ መምህርት ነኝና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላስቀምጥልዎት።

አንደኛ፣ ስለ ድምፅ አሰጣጡ አመሰግናለሁ። ሳጥኑን ያስቀመጡት በአዲሱ ፊልም መውጫ በር ላይ ነው። ፈንዲሻውን ታቅፎ፣ የስሪ ዲ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከክፍል ስድስት የሚወጣውን ሰው፣ ክፍል ስድስትን ይወድድ እንደሆነ ጠየቁት ማለት ነው። ከሠርግ ቤት በልቶ ጠጥቶ የሚወጣን ሰው ሙሽራዋ ቆንጆ ናት ወይ ቢሉት ማን አይደለችም ይላል? ከመራጮቹም ብዙዎቹ የእኔው ተማሪዎች ናቸው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ አሮጌውን ማን ማን እንዳየው ብጠይቅ ከአርባ አራቱ ሦስቱ ብቻ እጅ አወጡ። የቀሩት አርባ አንዱ ያላዩትን ፊልም በሙሉ ልብ አሸንፈውታል።

ሁለተኛ፣ እርስዎ ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ስለኖሩ ምናልባት አልደረሱበት ይሆናልና፣ ያሸነፉት ምን እንደሆነ ቢያውቁት ድሉ ይበልጥ ይጥምዎታል ብዬ ላስረዳዎ። ፊልሙ ወደ ባሕር ዳር የመጣው ሽፋን በሌለው የቪዲዮ ካሴት ነው። የእንግሊዝኛ ስሙን እስከ አምና ድረስ ያወቀ አልነበረም። በገበያው ጀርባ በአንድ ቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ሲታይ ተመልካቹ ቋንቋውን ስለማይሰማ፣ ባለቤቱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የሚተርክ ሰው ፈለገና ጋሽ አለበልን አገኘ። ጋሽ አለበል በሐይቁ ካሉት ገዳማት በአንዱ ቅኔ ሲማሩ ቆይተው ትምህርቱን አቋርጠው የወጡ ሰው ነበሩ። እንግሊዝኛ የሚያውቁት እኔ ቻይንኛ የማውቀውን ያህል ነው። ነገር ግን የማያውቁትን ነገር አክብረው እንዴት እንደሚፈቱት ከየኔታ ተምረዋል። በመጽሐፍ ትርጓሜ ልማድ አንዱን ፍቺ ይሰጡና፣ “አንድም” ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ። የመንኮራኩሩ በር ሲከፈት መውጣታቸው ነው ይሉና፣ አንድም ሊገባ የመጣ አለ ይላሉ። ሕዝቡም ሁለቱንም ይዞ ዐይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል። እሳቸውንም ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ የኔታ እያለ ይጠራቸዋል። ፊልሙ ከቆርቆሮው ቤት ወደ እርስዎ አዳራሽ ሲዛወርም እሳቸው አብረው ተዛወሩ።

መንኮራኩር የሚለው ቃል ስላልጣማቸው ታንኳ አሏት። ስሙ ከዚያ መጣ። ፊልሙ መካከል ላይ ታንኳዋ ፀሐይ ፊት ደርሳ ቀጥ ትላለች። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ንግግር የለም፣ ሙዚቃ የለም፤ ካፒቴኑ ተቀምጦ ፀሐይን ያያል፣ አለቀ። ተመልካቹ ማጉረምረም ሲጀምር የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ውኃ ጠጥታ ከብዳለች፣ እያደረቋት ነው አሉ። ወይ ጉድ! ቤቱ ሁሉ አሃ አለ። የደንገል ታንኳ ስንት ቀን ከቀዘፏት በኋላ ውኃ እንደምትጠጣ፣ አውጥተው ፀሐይ ላይ ካላዋሏት ቀዛፊዋን ይዛ እንደምትሰጥም እዚህ አገር ያልተጠመቀ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። እንዲያውም አንድ ቀዛፊ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ፣ ሆዷን ወደ ላይ ገልብጧት እንጂ፣ እንዲህማ ዓመትም አትደርቅ ብሎ ካፒቴኑን ተቆጥቷል ይባላል።

ከዚያ ቀን ወዲያ የባሕር ዳር አነጋገር ተለወጠ። ከሕመም ተነሥቶ ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዴት ነው ሲባል፣ እየደረቀ ነው ይባላል። ባጃጅ ነጂዎች ሞተር ሲግልባቸው ጥላ እንፈልግ ሳይሆን ታንኳ እናድርቅ ብለው ነው የሚቆሙት። ሩዝ ሊሸጡ ከይፋግ የሚመጡት ገበሬዎች ቅዳሜን ከፊልሙ ጋር አገናኝተው ይመጡ ነበር። እኔ ራሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በተኛሁበት ሳምንት፣ አባቴ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስቀመጠልኝና፣ ድረቂና ትሄጃለሽ አለኝ። ተቀመጥሁ። ደረቅሁ። በዓመቱ ተፈትኜ አለፍሁ። ዛሬ ስለ ፀሐይ ሙቀት ሳስተምር ያ ወንበር ትዝ ይለኛል፤ አባቴም የለም፤ ይህን ሲያነብቡ ሊስቁ ይችላሉ፣ ግድ የለኝም።

ሦስተኛ፣ አምና ስላደረጉልን ማሻሻያ ከልብ አመሰግናለሁ። የጸዳ፣ የጠራ ቅጂ አስመጥተው ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ አስደረጉበት። ጽሑፉም ካፒቴኑ ተስፋ ቆርጦ ከነታንኳው ፀሐይ ውስጥ ገብቶ ሊቃጠል እንደመጣ ነገረን። ለሠላሳ ዓመት ስናደርቃት የኖርነው ታንኳ ለካ ልትሞት ነበር! አዳራሹ በአንድ ጊዜ እንዴት እንዳጉረመረመ እርስዎ ቢሮዎ ስለነበሩ አልሰሙም። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት፣ የፊልሙ ጸሐፊ ሐይቅ ዳር ያላደገ ሰው ነው ብለው ፈረዱበት። እኔም ሳይንስ ተምሬያለሁና ጽሑፉ ትክክል፣ የኔታ ስሕተት መሆናቸውን አውቃለሁ። ነገር ግን በስሕተቱ የዳነ ሰው አውቃለሁ፤ በትክክሉ የዳነ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። አበው አላዋቂ ሳሚ እንዲህ ያደርጋል የሚሉት ተረት አለ፤ ሙሉውን በክቡርነትዎ ፊት አልጽፈውም።

አራተኛውን ለፍትሕ ስል ለአዲሱ ፊልም እሰጠዋለሁ። ሥዕሉ ያምራል። በበረዶው ዓለም ላይ ብርሃኑ ሲታጠፍ ተማሪዎቼን ጠርቼ ላሳያቸው እስኪያምረኝ ድረስ ደስ ብሎኛል፤ ያረጀው ሮቦት ጀግኖቹን ሲለያቸውም፣ አልዋሽዎትም፣ አልቅሻለሁ። ሆኖም ዓለም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከጥፋት ተረፈች፤ አራተኛው ለክፍል ሰባት ተቆጥቦ ይሆናል። ከዚያ ከባልደረቦቼ ጋር ወጥተን ጭማቂ ቤት ስንቀመጥ የዋናውን ጀግና ስም ያስታወሰ አልነበረም። አንደኛው ያ ጡንቻማው አለ፤ ሌላው ሁሉም ጡንቻማ ናቸው ብሎ መለሰለት።

ከዘመኑ ፊልሞች አንዱ እንኳ እንደ አሮጌው አገር ሊለውጥ ይችላል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ (መቼም አይጠይቁኝም) አይችልም ብዬ አልራገምም። የሚቸግረኝ አኝኮ የሚያጎርስ መሆኑ ነው። ሁሉ ተነግሮ፣ ሁሉ ተብራርቶ፣ ፍንዳታው እንኳ ከየት እንደመጣ በቀስት ተመልክቶ ይመጣል፤ እኛ የምንሠራበት ቦታ የለም። አሮጌው ቀዳዳው ብዙ ነበር። ቀዳዳውን በእኛው ቃል፣ በእኛው ደንገል፣ በእኛው ፀሐይ ደፈንነውና የእኛ ሆነ። ክፍል ስድስትን ሰው ያየዋል እንጂ ማን እጁን ያስገባበታል?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ቁጥር አልሰጠውም። የኔታ አለበል ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጉሮሯቸው ላይ እጢ ወጥቶ በግንቦት ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ሐኪሙ ሕይወታቸውን እንደሚያተርፍ ተስፋ ሰጥቶ፣ ድምፃቸው ግን ላይመለስ እንደሚችል ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። ያ ትረካ ደግሞ የትም አልተቀዳም። በየዓመቱ ለከርሞ ለከርሞ ስንል፣ እሳቸውም በየዓመቱ አንድ አዲስ አንድም እየጨመሩበት፣ ያለው እዚያ ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ነው። የሰረዙት ቅዳሜ የቀራቸው ቅዳሜ ነው።

ይህን ልነግርዎ ቢሮዎ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ጸሐፊዎ ኪዲ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ማስታወሻዬን አስገባችልኝ። መልስዎም በማኅተም መጣ፤ የጽሑፍ ትርጉም ስላለ ተራኪ አያስፈልግም የሚል። ከሥሩ ደግሞ ለተራኪው የረጅም ዘመን አገልግሎት ምስጋና እንዲሆን የክፍል ስድስት አንድ ነጻ መግቢያ ተያይዟል። አይ የእርስዎ ደግነት! የኔታም የተሰጠን ነገር መናቅ ነውር ነው ብለው ከልጅ ልጃቸው ከዜማ ጋር ሄደው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዩ። ሲወጡ እንዴት ነበር ብላቸው፣ ደግ ነው፣ ልጆቹ ደክመውበታል፣ ግን ሰው እንዲያስብ ትንሽ ዝም ቢል ምን ነበረበት አሉኝ። እንዲህ ያለ ትሕትና እኔ ስለሌለኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን ከዚህ በላይ አላስቸግርም፤ አዳራሽዎንም አልለምንም። በተባለው ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ የኔታ አለበል “የሰማዩ ታንኳ”ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካሉ። ፊልም አይኖርም። ሸራ የለም፣ ማጉያ የለም፣ መብራት ቢሄድም የሚያሳስበን የለም። በሩ መቼ እንደሚከፈት፣ ካፒቴኑ መቼ እንደሚቀመጥ ሁላችንም ስለምናውቀው በየዐይናችን እናየዋለን። ዜማ ከፊት ሆና በስልኳ ትቀዳለች፤ ሦስት ልጆች ደግሞ ስሕተት እንዳይፈጠር ከጎን ይቀዳሉ። ፊልሙ የእርስዎ ነው፣ ፈቃዱም ቅጂውም በእጅዎ ነው፣ በደስታ ይያዙት። እኛ የምንፈልገው ሰውየውን ነው፤ እሳቸውን ደግሞ መሰረዝ አልቻሉም።

ለአዳራሽዎ የሞላ ወንበር፣ ለጆሮዎ ሰላም፣ ለሥልጣንዎ ዘመን ሌላ የምርጫ ሳጥን እየተመኘሁ፣ በማይናወጥ አክብሮትና በአንድ ጆሮ፣

ሩሐማ ሀዲስ
የፊዚክስ መምህርት፣ ፋሲሎ፣ ባሕር ዳር

ማሳሰቢያ፦ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ወንበር የምናስይዘው በስም ነው። እናትዎ ወይዘሮ ውዴ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ትምህርት ቤታችን ጎራ ብለው ከፊት ረድፍ ቦታ ይዘዋል። ለልጅዎስ ልጨምር ወይ ብዬ በትሕትና ብጠይቃቸው፣ ጥቂት አሰቡና አንድ ይበቃል አሉኝ።