አባትሽ ፓስታውን በላ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ልጄ፤ ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹንስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኔ ይኸው በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። አባትሽም ደህና ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

መርሳቱ ብሶበታል። ከእኔም ከታናሽ እህትሽም እጅ እህል መቅመስ ካቆመ ሰነበተ። ሳህን ሳቀርብለት፣ አንቺ ሴትዮ ማነሽ ብሎ ፊቱን ያዞርብኛል። ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ ሴትዮ ሆንኩልሽ! ለሰው ሁሉ ልብስ በልኩ ሲሰፋ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ሱሪው አልቆም ብሎት ቀበቶውን በምስማር በሳሁለት። እቤት እየመጣች የምታየው ነርስም በዚህ ሳምንት ካልበላ ሆስፒታል ገብቶ በአፍንጫው በቱቦ ነው የሚመገበው ብላኛለች።

ትናንት ለእራት የማደርገው ሲጠፋኝ፣ አንቺ እዚህ ሳለሽ ከሥራ ስትመለሺ በጥድፊያ ትሠሪልን የነበረው የዶሮ ፓስታ ትዝ አለኝ። ዶሮውን ከአጥንቱ ለይቼ በትንንሹ ከተፍኩት፤ ሽንኩርትና ቲማቲም አቁላልቼ ጨመርኩበት። አንቺ በአንድ አፍታ የምታደርሺውን እኔ ስደነባበር ፓስታው ከመጠን በላይ በስሎ ተጣበቀብኝ። እህትሽ አይታ፣ እማዬ በዚህ እኮ ግድግዳ ይለሰናል ብላ ሳቀችብኝ። የኔ ሽርጥ ታጥቦ ስላልደረቀ ያንቺን፣ አባትሽ የሰፋልሽን ባለ ድርብ ኪሱን ነበር የታጠቅኩት።

ሳህኑን ሳስቀምጥ የሽርጡን ጠርዝ ያዘ። ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ፣ ገልብጦም አየው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ባንቺ ስም ጠራኝ። አቤት አባዬ አልኩት። ምን ላድርግ ልጄ? በላ! ሳህኑን ጠርጎ በላና ጨምሪልኝ አለ። እህትሽ ወደ ጓዳ ሮጣ ገብታ አለቀሰች።

በልቶ ሲያበቃ፣ እናትሽ የት ሄደች፣ ምን አስቀይሜያት ነው የማትመጣው ብሎ ጠየቀኝ። እኔኑ ስለ እኔ! አላስቻለኝም። የሰው ፊት ቢጠፋው የገዛ እጁን ሥራ አልረሳም ብዬ፣ በእጮኝነታችን ጊዜ የሰፋልኝን ሰማያዊ ቀሚስ ከሻንጣ አውጥቼ እንደምንም አጠለቅኩና ፊቱ ቆምኩ። አወቀው፣ ቀሚሱን። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ፣ ይሄ የሚስቴ ነው፣ ማን ሰጥቶሽ ነው፣ ሳትመጣ ቶሎ አውልቂው ብሎ ጮኸብኝ። አወለቅኩት።

ዛሬም ያንቺን ሽርጥ ታጥቄ ያንኑ ፓስታ ሠራሁ፤ በላልኝ። በመብላቱ እግዜርን አመሰግናለሁ፤ ግን የገዛ ባሌን አባዬ ስለው መዋል አቅቶኛል። ጨንቆኛል ልጄ። እንደምንም ብለሽ ነይልኝ። አጠገብሽ አቁመሽኝ፣ እናቴ ይህችው ናት በይልኝ፤ ካንቺ አፍ ቢሰማ ያምን ይሆናል።

ባለቤትሽን እግዜር ይማርህ ብላሃለች በይልኝ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ደጋግመሽ። እህትሽ ናፍቆትሽ አልቻላትም፣ ሰላም ትልሻለች። አባትሽ ግን ሰላምታ አልላከልሽም፤ እዚሁ ወጥ ቤት ያለሽ ነው የሚመስለው።

እናትሽ
ከቤትሽ፣ ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፩