የአገርነሽ ለቅሶ በካምባ

ውድ ካሌብ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ደበሌም ድራሙን አሁንም እንደ ጠላቱ ይደበድበዋል። ይህን ደብዳቤ ሁለት ዓመት ሙሉ እየጀመርኩ ስቀድደው ኖሬያለሁ። ዛሬ እጄ አልከበደኝም።

ባንዳችን አድጓል። «የሲቀላ ልጆች» ሲባል አሁን ማንም አይስቅብንም። አንድ ዜማ ይዘን ግማሽ ሰዓት ስንዞርበት የምንጫወትበት የሴቻው ሆቴል ባለቤት ይኸ ነገር መጨረሻ የለውም ወይ እያለ ይማረር ነበር። ዛሬ ሰው የሚመጣው መጨረሻ ስለሌለው ነው። ከሶዶና ከጂንካ ሳይቀር ባንዶች እየመጡ አብረውን ይጫወታሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሴቻ መቀመጫ አይገኝም።

ስማችንን ያስጠራው የትኛው ዜማ እንደሆነ ግን ታውቃለህ። ጫሞ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ለራስህ ስታንጎራጉረው ሰምቼ ነው የወሰድኩት። ምንድን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁህም። አባቴ ከደብረ ብርሃን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ አርባ ምንጭ ቢያሳድገኝም፣ ጋሞኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ዜማው ጣፈጠኝ፣ አፈጠንኩት፣ በጊታር ተጫወትኩት። ሰው ሲጨፍርበት አንተ ቤዝ ጊታርህን አስቀምጠህ ወጣህ። በሳምንቱ ካሌብ ሐዋሳ ገባ ተባለ።

የለቅሶ ዜማ መሆኑን የነገረችኝ ዘፋኛችን ቤተል ናት። ለእናትህ ለእትዬ አገርነሽ እንደምታንጎራጉረውም ነገረችኝ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም ካሌብ። ሰው እሱን ዜማ ድገሙልን ይላል፣ እኔም ጭብጨባ እወዳለሁ። እያፈርኩ ተጫወትኩት።

ባለፈው ወር በገበያ ቀን ካምባ ተጠራን። የእናትህ አገር መሆኑን ስለማውቅ እሱን ዜማ እንዝለለው ብዬ ነበር፤ ወጣቶቹ ግን አልለቀቁንም። እንግዲያውስ ብዬ ልክ አንተ እንዳንጎራጎርከው ቀስ አድርጌ ጀመርኩ። የጨፈረ የለም። አንዲት ትልቅ ሴት ከሰው መሀል ወጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ይህ የማን ለቅሶ ነው?» አሉኝ።

«የእትዬ አገርነሽ ነው። ልጃቸውን ሳልጠይቅ ነው የወሰድኩት» አልኩ።

«አገርነሽ እህቴ ናት» አሉ።

አለቀልኝ ብዬ እጄን ከጊታሩ አነሳሁ። አክስትህ ግን አልተቆጡኝም። በኮሮና ጊዜ አርባ ምንጭ ስትቀበር ከካምባ ማንም መድረስ እንዳልቻለ፣ የለቅሶው ወግ ሳይደርሳት እንደቀረች ነገሩኝ።

«ቀጥል» አሉኝ። «እኛ ሳንጨርስ አታቁም።»

ማቆም የማያውቅ ባንድ አገኙ! ሽማግሌዎቹ ለቅሶውን ጀመሩ፣ ሴቶቹ ተቀበሉ፣ እኛ ከሥራቸው ተከተልን። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ደበሌ እንኳ ዱላውን ጥሎ በመዳፉ ነበር የሚመታው። ለቅሶው ሲበቃቸው አቆሙ፣ እኛም አቆምን። አክስትህም መረቁን።

ከዚያ ደወሉልህና ስልኩን ሰጡኝ። ስታለቅስ ሰማሁ። ከቀብሩ ጀምሮ እንባ ወጥቶህ እንደማያውቅ ኋላ ነው የነገሩኝ። ስታለቅስ ደስ አለኝ ብል ትቀየመኛለህ? ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደልኝ።

በስልክ ያልቻልኩትን ልጻፈው፦ ይቅር በለኝ። ዜማውን ከእንግዲህ አንጫወተውም፤ ተለቅሶ አልቋል። ሌላ ዜማ ጀምረናል፣ ቤዙንም ለማንም አልሰጠሁም። ብትመጣ ደስታዬ ነው። ባትመጣም፣ ካሌብ፣ ያን ቀን ስልኩን ሳትዘጋብኝ አልቅሰህ መጨረስህ ይበቃኛል።

ወንድምህ ወንደሰን
ሴቻ